የታጠበችው ብር

ኮምጣጤው ድንጋዩን ሲነካው ቸስ ብሎ አረፋ አወጣ። ሴትዮዋ ደስ አላት። በእሷ ሙያ አረፋ ማለት እድፍ እየለቀቀ ነው ማለት ነው። እጅጌዋን ሰብስባ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዛ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለችና መፈተግ ጀመረች።

ሰፈርተኛው «እድፍ አይምሬ» ይላታል። ከመንገዱ ማዶ ባለው የልብስ ንጽሕና ቤቷ ቀለም የፈሰሰበት ሸሚዝ፣ ዘይት የጠጣ ሱሪ፣ ሌላው «ጣሉት» ብሎ የፈረደበት የሙሽራ ቀሚስ ሁሉ ነጥቶ ይወጣል። እቤቷ ውስጥ ግን እጇን ያልሰደደችበት አንድ ነገር ነበር፤ የባሏ ባለመስታወት ቁም ሳጥን። ባሏ መነጽር ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዐይን ሲለካ ውሎ፣ ማታ የራሱን ዐይን የሚያሳርፈው እዚያ በደረደራቸው ድንጋዮች ላይ ነው። አንጥረኛ ያልነካቸው፣ እሳት ያላያቸው፣ ከምድር ሆድ እንደወጡ የተቀመጡ ወርቅና ብር ናቸው። ወርቁ በነጭ ድንጋይ ላይ እንደ ስስ ቅጠል ተለጥፏል። ብሩ ደግሞ ከአለቱ ስንጥቅ እንደ ፀጉር እየተጠቀለለ ወጥቶ ጠቁሯል። ከሁሉም ትልቋን፣ ጡጫ የምታህለውን ብር፣ ያገኛት ከመጋባታቸው በፊት ነው። ሚስቱ «ጣውንቴ» የሚል ስም አውጥታላታለች።

«ዛሬም ከጣውንቴ ጋር አመሸህ?» ትለዋለች እራቱ ሲቀዘቅዝ።

«እሷ አፍ የላትም፤ ለዚህ ነው የተስማማነው» ይላታል።

ይሳሳቃሉ። ቀልድ ይሁን እንጂ ትንሽ ትንሽ ይቆረቁራት ነበር። ኩራቷ ይዟት ስለ ድንጋዮቹ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ዛሬ ግን ቅናት የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ልጃቸው ከሆስፒታል ደውሎ «አባዬን እቤት ውሰዱት ብለውናል፤ ከሰዓት ይዤው እመጣለሁ» ብሏታል። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሐኪም በሽተኛን ወደ ቤትህ ግባ የሚለው ወይ ሲድን ነው ወይ ተስፋ ሲቆረጥበት፤ የእሱ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሯታል። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ሳሎን ውስጥ አልጋ አነጠፈች፣ ትራሱን አናፈሰች፣ መስኮቱን ወለወለች። ከዚያ ዐይኗ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ። ጣውንቷ እንደ ከሰል ጠቁራ ተቀምጣለች። አጥቤ ባበራለት አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎት ያድር ነበር ብላ አሰበች። ለሚወዱት ሰው ምን እንደሚደረግ ከማጠብ በቀር ሌላ አታውቅም ነበር።

አጥባ ስትጨርስ ብሯ በእርግጥም አበራች። ጥቂት ቀጫጭን ክሮች ተሰብረው ሳፋው ውስጥ ቀርተዋል፣ ነጩም ድንጋይ ሳስቷል፤ ቢሆንም ታብረቀርቃለች። በነጭ ፎጣ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

በሩ ተንኳኳ። የባሏ የልብ ወዳጅ፣ ጡረታ የወጣው ቀያሽ ነው። ዕድሜ ልኩን መሬት ሲለካ፣ ከባሏም ጋር ድንጋይ ሲለቃቅም የኖረ ሰው ነው።

«እንደምን ዋሉ እትዬ? ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ናቸው፤ ይግቡ። መጀመሪያ ግን ይቺን ይዩልኝ!»

ቀያሹ አየና ክው ብሎ ቀረ።

«ምን አደረጓት?»

«አጠብኳት። በኮምጣጤ።»

ጎንበስ ብሎ ብሯን ዙሪያዋን መረመራት።

«ይናገሩ እንጂ! አጠፋሁ?»

«እትዬ፣ ጥቁረቱ እኮ እድፍ አይደለም። አየሩ ዓመት በዓመት ሲያለብሳት የኖረው ዕድሜዋ ነው። እኛ ሰብሳቢዎች አቧራዋን እንኳ እፍ ብለን ነው የምናነሣላት። ነጩን ድንጋይ ደግሞ ኮምጣጤ ይበላዋል። አረፋ አላወጣም?»

«አወጣ» አለች ቀስ ብላ። «ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ድንጋዩ ሲያልቅ ነው።»

«ታዲያ አይመለስም?»

«የፈሰሰ ውሃ...» ብሎ ጀመረና በራሱ አፍ አፈረ። «ለእሱ ብለው ነው ያደረጉት። ሰው አይፈርድብዎትም።»

«እጄን ቁርጥ ያርገው!» አለች። ይህን ያህል ዘመን አብሯት የኖረው ሰው ሊሄድ ሲል፣ የሚወዳትን አንድ ነገር በገዛ እጇ ፈጀችበት። «ልደብቃት? ተሰበረች ልበለው?»

«የመነጽር ሠሪ ዐይን ነው እትዬ፤ ምኑን ይደብቁታል?»

ያን ጊዜ ውጭ መኪና ቆመ። ልጁ አባቱን ደግፎ አስገባው። ካፖርቱ ብቻውን የሚራመድ እስኪመስል ድረስ ከስቷል። አልጋው ላይ ጋደም አደረጉት፤ ልጁ መድኃኒት ሊገዛ ተመልሶ ወጣ። በሽተኛው ትንፋሹን ሲሰበስብ በዐይኑ ቁም ሳጥኑን ፈለገ።

«ሆዴ፣ ጣውንትሽ የት አለች? እስቲ አምጪያት። እዚያ ተኝቼ ሁለታችሁን ሳስብ ነው የከረምኩት። መጀመሪያ አንቺን፤ እንዳትቆጪ።»

ቀያሹ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷ ፎጣውን እንዳለ አንሥታ ሰጠችው። ባሏ ብሯን ወደ ዐይኑ አስጠጋ፣ አገላበጣት። ፊቱ ላይ የነበረው ትንሽ ብርሃን ጠፋ፤ አብራው ኖራለችና አልተሰወረባትም። ከዚያ ቀና ብሎ ኮምጣጤ ያቀላውን እጇን አየ።

«አንቺ ነሽ ያጠብሻት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለእኔ ብለሽ?»

የፎጣውን ጫፍ ይዛ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሙሽራ አስመሰልሻት እኮ!» አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ቀያሹ «ውሃ ላምጣ» ብሎ ወደ ማድ ቤት ሸሸ።

«የቀሩትንም አምጪያቸው» አላት ሳሉ ሲለቀው። «አንቺ ታጥቢያለሽ፣ እኔ በፎጣ አደርቃለሁ። እስከ ዛሬ አንቺ በልብስሽ እኔ በድንጋዬ ኖርን፤ አሁን እንኳ አንድ ሥራ አብረን እንሥራ።»

ዕድሜ ልኩን የሰበሰበውን በሙሉ እሷ እንዳታፍር ሊያስፈጅላት ነው። ያጠፋችውን አላወቀችም ብሎ ነው። ዝም ብትል የቀሩትም ያልቃሉ፤ ብትናገር ደግሞ ጥፋቷን ሊሸፍንላት የሰጣትን ስጦታ መልሳ ልታስታቅፈው ነው።

ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ኮምጣጤውን ደፋችው። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ አንዱን መሳቢያ መዝዛ፣ ድንጋዮቹን ሳትነካ አምጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሳፋውስ?»

«ደፋሁት።»

ተያዩ።

«ነገረሽ?» አላት ወደ ማድ ቤቱ እያየ።

«ነገረኝ። ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ።»

«ብር ነው፤ ይጠቁራል ደግሞ» አለና ዐይኑን ከደነ። መቼ እንደሚጠቁር ሁለቱም አላነሡም።

ከመሳቢያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥቁር ብር በጣቷ አመለከተችው።

«ይቺ እንዴት ነው የምትያዘው?»

ዐይኑን ገለጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ድንጋዮቹ ስትጠይቀው የመጀመሪያዋ ነው።

«ከሥሯ፤ ከድንጋዩ። ብሩን አትንኪው።» ጣቶቿን ይዞ ቦታ ቦታቸውን አሳያት።

«የት ነው ያገኘሃት?»

ይነግራት ጀመር። ስለ አንድ የተዘጋ ጉድጓድ፣ ስለ ዝናቡ፣ ቀያሹ አንሸራቶት ስለ ወደቀበት ገደል። በየመሀሉ ድምፁ ይደክማል። እንደ ወትሮዋ «በቃ፣ ዕረፍ» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችውና የሚቀጥለውን ድንጋይ ከሥሩ ይዛ አነሣች።