ራሱን ቁረጪው

በቴሌቪዥን ሰዎች ቋንቋ፣ ከደረቱ በላይ ብቻ እየታየ ስለ አንድ ጉዳይ የሚያብራራ ሰው «ቶኪንግ ሄድ» ይባላል፤ ተናጋሪ ጭንቅላት እንደማለት። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ቪዲዮ ቤታችን «ራስ» ብለን አሳጠርነው። ስንት ራስ ቀረጻችሁ፣ ያ ራስ ያሰለቻል ቁረጪው ስንባባል የሰማ ጎረቤት ሥጋ ቤት የከፈትን ሳይመስለው አይቀርም። ካሜራማናችን ዓብዱ ግን ቃሉን አይወደውም። «የሰው ራስ ተቆረጠ አይባልም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ይላል። ምስሉን የምቆርጠው የምቀጥለው እኔ ግን እስቅበት ነበር።

ስለ ቦሌ መንገድ ፊልም ስንሠራ አባቴን አቶ ካሳዬን ቀረጽነው፤ ዕድሜውን መንገድ ሲሠራ የኖረ ጡረተኛ ነው። አለቃችን ዘርአጽዮን ምስሉን እያየ አዛጋና፣ «ሰብሊ፣ ራሱን ቁረጪው» አለኝ። ደሜ ፈላ። አንቱታውን እንኳ ነፈገው። ቢሆንም ሥራ ነውና፣ «መንገዱ ሲጠረግ እኛ…» ያለው ላይ ቆረጥኩት።

ለምሳ ቤት ስገባ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለእናቴ ወሬ ጀምሯል። «መንገዱ ሲጠረግ እኛ…» አለና ቀጥ አለ። አፉም ዓይኑም እንደተከፈተ ቀረ። ብንጠራው፣ ብንወዘውዘው፣ ወይ ፍንክች። ጎረቤታችን ነርሷ መጥታ ትንፋሹም ልቡም ደህና ነው አለች። እናቴ የሻሽወርቅ ግን «ራሱ የለም» አለች። ራሱ የት እንዳለ አውቄያለሁ።

እየሮጥኩ ቪዲዮ ቤት ተመለስኩ። ያልተቆረጠው ካሴት ገና ሌላ አልተቀዳበትም። ከቆረጥኩበት ጀምሬ ለቀቅኩትና ቤት ደወልኩ።

«ተናገረ፣ ተመስገን» አለች እናቴ እያለቀሰች። «ስለ መንገዱ እያወራ ነው።»

በስልኩም በቴሌቪዥኑም የምሰማው አንድ ድምፅ፣ አንድ ቃል ነበር። ካሴቱን ላቆመው ብዬ ፈራሁ፤ ይኼ ከቆመ እዚያም መቆሙ ነው። ያውራልኝ ብዬ ተውኩት። 

መጨረሻ ላይ አባቴ፣ «በቃ፣ ይኸው ነው። እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ማይክሮፎኑን ከኮቱ ነቅሎ ተነሣና ከምስሉ ወጣ። ተንደርድሬ ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ባዶ ወንበር ብቻ ነው።

«ሰብሊ» አለች እናቴ በስልኩ፤ «አባትሽ የት ገባ? አሁን እዚህ ተቀምጦ አልነበር?»