«ሁሉም» የሚባለው ሰው

የፀጉር ሠሪዋ ታናሽ እህት የመዋዕለ ሕፃናቱን ወላጆች ግሩፕ ስትከፍት ክፉ አስባ አልነበረም። የምትሠራበት ቢሮ ተዘግቶ ቤት ከዋለች ሰንብታለች፤ ልጇን መዋዕለ ሕፃናት አድርሳ ከተመለሰች በኋላ ከግድግዳ ጋር ከመፋጠጥ በቀር ሥራ አልነበራትም። ስለዚህ ወላጆቹን ሁሉ ስልኳ ላይ አሰባሰበች። «ነገ ትምህርት የለም»፣ «ሰማያዊ ጃኬት የጠፋበት ልጅ ካለ ጥበቃው ጋ ተቀምጧል»፣ «ብርድ ስለሆነ ልጆቹን ደረብ አድርጉላቸው» ትላለች። ወላጆቹም ያመሰግናሉ።

ታላቅ እህቷ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ፊት ለፊት የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። የእሷም ልጅ የምትማረው እዚያው ነው። ከደንበኞቿ አብዛኞቹ የግሩፑ እናቶች ናቸው፤ ልጅ አድርሰው መንገዱን ተሻግረው ይገባሉ፣ ታጥበው ተሠርተው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ወሬ አትወድም ማለት አይቻልም። ፀጉር ቤት ከፍቶ ወሬ መጥላት ዳቦ ቤት ከፍቶ ዱቄት እንደ መጥላት ነው። ነገር ግን አንድ ልማድ ነበራት፤ ጣቷ ፀጉር ውስጥ እንዳለ «አየሽ ወይስ ሰማሽ?» ትላለች። የለመዷት ይስቃሉ፣ ያልለመዷት ይኮሳተራሉ።

ታናሺቱ ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ገባት። ስለ ጠፋ ጃኬት ስትጽፍ አንድ ሁለት ሰው የልብ ምልክት ያደርግላታል፣ አለቀ። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ መኪናውን ገትሮ መንገድ ስለሚዘጋ አባት ተናዳ ጻፈች። የልብ ምልክቱ ዘነበላት። «ልክ ልኩን ነገርሽልን!» «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» እየሮጠች ፀጉር ቤቱ ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ስሚማ ይሄን!» ብላ አንድ በአንድ አነበበችላት። ፊቷ በርቷል። ታላቂቱም ደስ አላት። ያቺ ልጅ ሥራዋን ካጣች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይታት አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ጃኬት የጠፋበት ልጅ ቀረ። በየቀኑ የሚያናድድ ነገር ተገኘ።

አዲሷ ሞግዚት የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ድምፀ ለስላሳ፣ መሐል ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ናት። እሷ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት «ልጄ ቤት እንደገባች እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ ይላል፣ የናንተስ?» ብላ ጻፈች። «የኔም!» አለች ሌላዋ። «የኔማ እራቱን ሳይበላ!» አለ አንድ አባት። ታናሺቱ ስልኳን አፏ ላይ አድርጋ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ቀዳች፦ «እናቶች፣ ልጆቻችን እየደነዘዙብን ነው። ይቺ ሴትዮ የሚያስተኛ ሽሮፕ ሳትሰጣቸው አትቀርም።»

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እዚያ ግን የተጨመረው ሌላ ነበር። ማታ ላይ «ሳትሰጣቸው አትቀርም» ወድቆ «እየሰጠቻቸው ነው» ሆነ። በማግስቱ ሽሮፑ ቀለም አወጣ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሴትየዋ ከቀድሞ ሥራዋም በዚሁ የተባረረች ሆነች።

ፀጉር ሠሪዋ ይህን ሁሉ አንብባ ሁለት ቃል ጻፈች። «ማን አየ?»

መልስ አልመጣላትም። ትንሽ ቆይታ ግሩፑን ስትፈልገው የለም። ወዲያው ደወለች።

«ሚጣዬ፣ አስወጣሽኝ እንዴ?»

«እትዬ፣ ሰዎቹ ናቸው አስወጪያት ያሉኝ። አነጋገርሽ አስቆጣቸው።»

«ጠየቅኩ እንጂ መቼ ተናገርኩ?»

«የተነኩት እኮ ልጆች ናቸው! አንቺ ከማን ጋር ነሽ?»

«ልጄ እዚያው አይደለች እንዴ? ለዚያ ነው የጠየቅኩት።»

«ተይው፣ አይገባሽም» ብላ ዘጋችው።

ሞግዚቷ የወላጆች ስብሰባ እስኪደረግ ቤት ዋይ ተብላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆማ «መታጠብ ይቻላል?» አለች። ቤቱ ሙሉ ነው። የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ብቻ ቀረ። ፀጉሯ በቢጎዲን የተጠቀለለ አንዲት ደንበኛ ብድግ አለች።

«ወይ እሷ ወይ እኛ!»

«ገና ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አልገባሽም እኮ፣ ፀጉርሽ ውኃ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«እርጥቡን እሄዳለሁ!»

«ሂጂ። ብርድ ሲመታሽ ግን እኔን እንዳትረግሚኝ።»

ሴትየዋ ቢጎዲኑን እንደተሸከመች ወጣች። ሌሎቹም ቦርሳቸውን አንስተው ተከተሏት፣ አንዷ ከነፎጣው። ሞግዚቷ ከደፉ ላይ አልተንቀሳቀሰችም።

«እኔ ልሂድ በቃ፣ እህቴ። ገበያሽን አልዝጋብሽ።»

«ግቢና አንገትሽን ወደ ኋላ አድርጊ» አለቻት።

ውኃው ለብ እስኪል ጠብቃ ማጠብ ጀመረች። ሻምፑውን እያሸች ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

«ለልጆቹ የሚያስተኛ ነገር ሰጥተሻል?»

«በልጆቼ ይሁንብኝ፣ አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው የሚተኙት?»

«ስለሚሮጡ ነዋ! ድሮ ከሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ነበር የሚደረደሩት። እኔ አጥፍቼ ግቢ አወጣኋቸው። እስኪደክማቸው ይሯሯጣሉ።»

ፀጉር ሠሪዋ እጇን አቆመች። «ይሄን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ሞግዚቷ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። «ቤት ዋይ አሉኝ፣ ዋልኩ። ምን እንደተባልኩ እንኳ የነገረችኝ የጎረቤት ልጅ ናት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የፀጉር ቤቱ ፎቶ በዚያው ቀን ግሩፑ ላይ ወጣ። «ልጆቻችሁን የምትወዱ እዚህ ቤት እንዳትገቡ» ይላል። ለጣፊዋ ታናሽ እህቷ አልነበረችም፤ የልብ ምልክት ካደረጉበት መሐል ግን ነበረችበት። በዚያ ሳምንት ወንበሮቹ ባዶ ዋሉ። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ነገር ማክረር አይወድም። ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ «ይቅርታ ብለሽ ጻፊላቸውና ይለፍ» አላት።

«ምን ብዬ?»

«ተሳስቻለሁ ብለሽ።»

«በምኑ?»

ባሏ ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን እንኳ እንጃ» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቋን ቆረጠችና «አልልም» አለችው። «ይዘጋ ከተባለ ይዘጋ። ሴትዮዋ ንጹሕ መሆኗን እያወቅኩ አልዋሽም።»

በማግስቱ ሥራ ስለሌላት በየቤቱ ዞረች። መጀመሪያ ባለቢጎዲኗ ቤት ሄደች። ሴትየዋ በሩን በግማሽ ከፈተች።

«ለፀብ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አንቺ ራስሽ ምን አየሽ?»

«እኔ እንኳን አላየሁም። ግን ሁሉም ሰው…»

ቀጥሎ የባንክ ሠራተኛዋ ጋ። «እኔ በግሌ አላመንኩም ነበር። ሁሉም ሲል ግን…» ቀጥሎ «መታሰር አለባት!» ብሎ የጻፈው አባት ጋ። በረንዳው ላይ አበባ ያጠጣል። «ውይ፣ እንዲያው ስሜታዊ ሆኜ ነው። ሁሉም ተናዶ ስለነበር።»

«እኔ ግራ ገባኝ፣ ጋሼ» አለችው። «የሄድኩበት ቤት ሁሉ ‘እኔ አይደለሁም፣ ሁሉም ነው’ ይለኛል። ይሄ ሁሉም የሚባለው ሰው ቤቱ የት ነው? እሱን ላናግረው።»

ሰውየው የአበባ ማጠጫውን ዝቅ አደረገ።

ስብሰባው የተደረገው በልጆቹ ክፍል ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች የልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ፣ ስልካቸውን ይዘው ተኮራመቱ። ሞግዚቷ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዳይሬክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገችና «እንግዲህ ግሩፑ ላይ እንደታየው ወላጆች በሙሉ…» ብላ ስትጀምር ፀጉር ሠሪዋ ተነሳች።

«ይቅርታ፣ ወላጅ ነኝ፣ በሙሉ ውስጥ የለሁበትም። ከመባረሯ በፊት አንድ ነገር እንወቅ። ሽሮፕ ስትሰጥ በዓይኑ ያየ ሰው ይነሳልኝ።»

ማንም አልተነሳም። ከዚያ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮሁ። ሁሉም አቀርቅሮ አነበበ።

«ምን ተባለ?» አለች። «እኔ ተባርሬያለሁ፣ አንብቡልኝ።»

የሚያነብላት ጠፋ። ወለሉን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የልጆች ሥዕሎች አዩ። በመጨረሻ ባለቢጎዲኗ ሴት ፊቷ ቀልቶ ተነሳች።

«‘አትስሟት፣ ተከፍሏት ነው’ ይላል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

መመለስ አላስፈለጋትም። አንገት ሁሉ ወደ አንድ ወንበር ዞረ። ያው አበባ የሚያጠጣው አባት ነበር፤ ከእሷ በክንድ ርቀት ተቀምጦ።

«ጋሼ፣ እዚሁ አጠገብህ ነኝ እኮ» አለችው። «በአፍህ ንገረኝ። ማን ከፈለኝ?»

«እንዲያው… ሲባል ሰምቼ ነው።»

«ማን ሲል?»

ላብ አጠመቀው። «ይቅር በይኝ» አለ በመጨረሻ፣ ለመነሳት ሲሞክር ትንሿ ወንበር አብራው ተነሳች። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ስቃችሁ እንዳታልፉት!» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ድምፅዋ እየጎላ። «እዚያ በሩ ጋ የቆመች ሴት አለች። እንጠይቃት። ላለፉት ቀናት ስለ እሷ ስታወሩ እሷን ያናገረ አለ?»

ጠየቋት። ሞግዚቷ ስለ ቴሌቪዥኑና ስለ ግቢው ተናገረች። የባንክ ሠራተኛዋ «የኔ ልጅ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ የሚመጣው ለዚያ ነው ለካ» አለች። አንድ በአንድ «እኔም አላየሁም»፣ «እኔም» ማለት ጀመሩ። ያን ጊዜ ታናሽ እህቷ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሳች።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ እትዬ» አለችና በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

ሞግዚቷ ሥራዋ ላይ ቀረች። የተወሰኑ ወላጆች ግን ልጆቻቸውን አስወጡ፤ ዳይሬክተሯም ተገዝታለች አሉ። አንዳንዱ ሰው ካመነበት የሚያወጣው ማስረጃ የለም።

ፀጉር ሠሪዋ በማግስቱ እህቷ ቤት ሄደች። በሩን ስታንኳኳ «የለሁም!» የሚል ድምፅ መጣ።

«የሌለ ሰው እንዲህ አይጮህም፣ ክፈቺ።»

ታናሺቱ ዓይኗ አብጧል። ስልኳ እጇ ላይ ነው። አንዷ ወንበር ላይ፣ አንዷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሥራ ካጣሁ ወዲህ ስልኬ ላይ ካልሆነ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለች ታናሺቱ ድንገት። «እዚያ ላይ ስናገር ሰው ነኝ። ‘በርቺ’ ይሉኛል። አንቺ እንኳ ‘በርቺ’ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ታላቂቱን ወጋት። እውነት ነበረበት። «አልጠየቅኩሽም፣ ጥፋቴ ነው» አለቻት። «ያቺ ሴት ግን የብቸኝነትሽን ዕዳ መክፈል የለባትም። ሄደሽ ፊቷን አይተሽ ንገሪያት።»

«አልሄድም።»

«እንግዲያው እኔም ከዚህ አልነሳም።»

እውነትም አልተነሳችም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ባሏ ደወለ፣ «እህቴ ጋ ነኝ፣ ለመምጣቴ እርግጠኛ አይደለሁም» አለችው። ታናሺቱ ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ሻይ አፈላች፣ እንደገና ተቆጣች። ማምሻውን ጫማዋን አደረገችና አብረው ሞግዚቷ ቤት ሄዱ።

ሞግዚቷ ከበሩ ላይ ሆና ጨርሳ ሰማቻት። «ይቅርታሽን ሰምቻለሁ» አለቻት። «ለመቀበል ግን ጊዜ ስጪኝ። ለነገርሻቸው ሁሉ ደግሞ እዚያው ግሩፑ ላይ እውነቱን ንገሪያቸው።»

ታናሺቱ መንገድ ላይ ቆማ ጻፈች፦ «ሽሮፕ አላየሁም። ከራሴ ጨምሬ ነው የተናገርኩት።» አንድም ሰው የልብ ምልክት አላደረገላትም። «አንቺም ተሸጥሽ?» አለ አንዱ። ከዚያ ሰዎች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ።

«ልመልስላቸው?» አለች ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ።

«እውነቱን ጽፈሻል፣ ሌላ ምን ቀረሽ?» አለች ታላቅ እህቷ። «የሚሄደው ይሂድ።»

ሰንበት ብሎ ጥቂት ወላጆች ፀጉር ቤቱ መጥተው አዲስ ግሩፕ መክፈታቸውን፣ መሪውም እሷ እንድትሆን መፈለጋቸውን ነገሯት። አንዷ ጀግናችን ነሽ አለቻት። ፀጉር ሠሪዋ አመሰገነችና አልገባም አለች። ባለፈው ወር ከሃዲ ነበርኩ፣ በዚህ ወር ጀግና፣ በሚመጣውስ ምን ልሆን ነው አለቻቸው። ቅር እያላቸው ሄዱ።

ከቀድሞ ደንበኞቿ የተመለሱ አሉ፣ የቀሩም አሉ። ታናሽ እህቷ አሁን እዚያው ፀጉር ታጥባለች። እጇ ገና አልሰላም፣ ውኃ ወደ ጆሮ ታስገባለች። ዛሬ ጠዋት ከአንዲት ደንበኛ ጋር ስለ ትምህርት ቤት ምግብ ተከራክረው፣ ደንበኛይቱ አረፋ በአረፋ እንደሆነች ከመታጠቢያው ተነስታ «ተሳስተሻል!» ብላ ጮኸችባት። «አልተሳሳትኩም!» ብላ ታናሺቱም ጮኸች። ታላቂቱ ልትገላግላቸው አልሄደችም። ሁለቱም ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነበር።