ሰባተኛዋ ጀልባ

የእኛ ጀልባ መሥሪያ ዕድሜው አምስት ዓመት፣ ልጆቹ ሰባት ነበሩ። ዛሬ ቦታው የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ማዶ አዞራለሁ።

የመሠረተው ታላቅ ወንድሜ ነው። ዋና ስለማይችል ሠራተኛው ሁሉ «አድሚራል» ይለው ነበር፤ እሱም ስሙን ወዶት የመርከበኛ ቆብ ገዛ። ዋናው አናጢ የእህቴ ባል ነበር፤ ጋሼ እለዋለሁ። የኔ ሥራ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጥጥ እየጠቀጠቅኩ በሬንጅ መድፈን ነበር። የመጀመሪያዋ ጀልባ ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች። የገዛት ዓሣ አጥማጅ ግን «እኔም አነክሳለሁ፣ እንግባባለን» ብሎ ወሰዳት። ቀጥለው የመጡት አምስቱ እንከን አልነበራቸውም፤ ሁለቱ እስካሁን ሰው ያሻግራሉ።

ጋሼ አንድ ሕግ ነበረው። ጥጡን ላላ አድርገህ ጠቅጥቅ ይለኛል፤ ደረቅ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ የሚያብጥበት ቦታ ካልተውክለት እርስ በርሱ ይገፋፋል። ስድስቱን እንዳለኝ ሠራሁ።

ሰባተኛዋ ከሁሉም ትልቋ ነበረች። ውሃ ልትገባ ሦስት ቀን ሲቀራት ጋሼን ትኩሳት ጣለው። በዚያው ቀን ጀልባዋን ያዘዘው ሰው እንግዶች አስከትሎ መጣና ጣቱን በሳንቃዎቹ ስንጥቅ ሰዶ፣ «ይቺ ጀልባ ናት ወይስ ወንፊት?» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። አድሚራልም አብሯቸው ሳቀ። የኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ሥራዬን ሲንቁብኝ አልወድም። ጋሼን ቤቱ ሄጄ መጠየቅ ስችል መዶሻዬን አነሳሁ። እያንዳንዱን ስንጥቅ በእጥፍ ጥጥ ድንጋይ እስኪመስል ጠቀጠቅኩት። ሬንጁና ቀለሙ ሸፈኑት። ጋሼ ድኖ ሲመጣ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ውሃ ስትገባ ተጨበጨበላት። በዘጠነኛው ቀን ሳንቃዎቿ አብጠው ተገፋፉ፣ ምስማሩን ነቀሉት፣ ሆዷ ተከፈተ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። አድሚራል ግን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጋሼን፣ ሳንቃው የሚቸነከርበትን የጎኗን አጥንት አቅጥነህ ገደልካት አለው። ጋሼም አንገቱን ደፋ፤ ምናልባት ልኬቱ ተሳስቶብኝ ይሆናል አለ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። እኔ ልክክ እንኳ አላልኩም፤ ሌላው ሲለክክበት ቆሜ አየሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ትእዛዝ ቆመ፣ በሩ ተዘጋ፣ ጋሼም የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። እህቴ ቤት ወንበር ሲሰበር እንኳ የሚጠራው ሌላ አናጢ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር እህቴ የጋሼ ዓይን ጨርሶ መጥፋቱን ነገረችኝ። በነጋታው እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁትና ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ የሰባተኛዋ አጥንት ደህና ነበር። እኔ ነኝ አጥብቄ የጠቀጠቅኳት።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። እሱ ግን ጥጡን ስንት እጥፍ እንዳደረግኩት ጠየቀኝ። ነገርኩት። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከፍቶ በአየር ላይ የአጥንቱን ውፍረት ለካ።

«ለካ ልክ ነበርኩ» አለ። «ከዚያ በኋላ ሦስት ሰው ጀልባ ሥራልን ብሎ ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር። እጄን ስላላመንኩት መለስኳቸው።»

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

«ምነው ዓይኔ እያለ ብትመጣ?» አለኝ።