ጌታሽ ደግ ነው ወይ?

ልጅ ሳለሁ በአያቴ ቤት የሰማሁትን ግማሹን ረስቼዋለሁ። አንድ እንግዳ፣ በልጅነቷ በባርነት የተገዛችውን አሮጊት "ጌታሽ ደግ ናቸው?" አላት። "ደግ ናቸው" አለች፤ ጌታዋ፣ አያቴ፣ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ስሟ ጠፍቶብኛል።

ይህን ለጓደኛዬ ለሙሉነሽ የነገርኳት ከጸሎት ወጥተን ስቶክዌል አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። እሷ የምትሠራው እዚሁ ለንደን፣ የጥንቱን የአሜሪካ ቅኝ ግዛት ኑሮ በሚያሳይ ሙዚየም ነው። ሠራተኞቹ የዘመኑን ልብስ ለብሰው፣ የዘመኑን ሰው ሆነው ለጎብኚ ይመልሳሉ፤ ከተሰጣቸው ሚና መውጣት ክልክል ነው። ሙሉነሽ የቨርጂኒያ ወጥ ቤት ባሪያ ናት።

"ማክሰኞ አንዲት ተማሪ ጌታሽ ደግ ነው ወይ አለችኝ። ጌታዬ የሚሆነው ሰውዬ፣ በብሬክ ሰዓት ብስኩት የሚያካፍለኝ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ስክሪፕቱ እንደሚለው 'አዎ' አልኳት። ጓደኛዋ 'አየሽ፣ ያን ያህል አይከፋም ነበር' አላት። እህቴ፣ ለሕፃን በሐሰት መሰከርኩ።"

"ቲያትር አይደል እንዴ?"

"ልጅቷ ግን አምናኝ ሄደች።"

ሥራውን ልትለቅ ቆርጣ ነበር።

"አንቺ ብትለቂ ሌላዋ መጥታ አዎ ትላለች" አልኳት።

በማግስቱ ማናጀሯን አነጋገረች። "እውነቱን ከተናገርሽ የዚያ ዘመን ሰው መሆንሽ ይቀራል" አላት።

"እንግዲያው አዎም፣ አይደለምም አልልም" አለችው።

ብዙ ተከራክረው ተስማሙ፦ ከእንግዲህ ልጅ ያንን ሲጠይቃት፣ ሙሉነሽ በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ ታያለች፤ ልጁም ዞሮ ጌታዋ ቆሞ እንደሚሰማት እስኪያይ ድረስ መልስ ሳትሰጥ ትቆያለች።