ማርኬታ የሌለችበት ስሪት

ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት የደሴት ጀልባዎችን መነሻ ሰዓት የሚናገር መተግበሪያ ይሠራል። ሌሎቹ ይጽፋሉ፣ ያርማሉ፣ ይከራከራሉ፤ አዲሱ ስሪት ሰው ስልክ ላይ እንዲደርስ ግን የማርኬታ እጅ ያስፈልግ ነበር። መተግበሪያው የእውነት የድርጅቱ መሆኑን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ የሚገኘው በእሷ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። እሷ ትፈርማለች፣ ፎቶዎቹን ትቀይራለች፣ ምን እንደተለወጠ በፊንላንድኛም በስዊድንኛም ትጽፋለች፣ ወደ መተግበሪያ መደብሩ ትጭናለች፣ መደብሩ መርምሮ እስኪያሳልፈው ደግሞ ጥፍሯን እየበላች ትጠብቃለች። የሐምሌ እረፍቷ እንኳ የራሷ ሆኖ አያውቅም። ባሏ ኢልማሪ ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ አሙቆ ሲጠራት፣ እሷ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ ታቅፋ ትገኛለች።

ባለፈው የበረዶ ወራት ግን መረራት። ሥራዋን ደረጃ በደረጃ ለማሽን አስተማረችው። ፊርማውን ከላፕቶፗ አውጥታ የድርጅቱ ሰርቨር ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲያ ከቡድኑ ማንም ሰው አንድ ቁልፍ ከተጫነ የቀረውን ማሽኑ ይጨርሰዋል። የጎደለ ነገር ካለ ደግሞ ንቅንቅ አይልም፤ የስዊድንኛው ጽሑፍ ካልገባለት ቢለምኑትም ቢቆጡትም አያወጣም። ሪስቶ የሚባለው የሥራ ባልደረባዋ በዚህ ሲስቅባት ከረመ። ደሴት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ፊንላንድኛ ይችል የለም ወይ ነው የሚለው። እሷ ግን በየበጋው በምታርፍበት ደሴት ላይ ስዊድንኛ ተናጋሪ ጎረቤት አላት፤ ሰው በገዛ ቋንቋው ሲነገረው ምን እንደሚሰማው ታውቃለች።

አለቃዋ ነገሩን ባጭሩ ቋጨችው። ሐምሌን ያለ ማርኬታ ከተወጡት መልካም፣ ካልሆነ ግን በነሐሴ ወደ ድሮው አሠራር ይመለሳሉ። ማርኬታ ላፕቶፗን ቢሮ ጥላ፣ ለኢልማሪ ዘንድሮ ሙሉ እረፍት ብላ ቃል ገብታ ወደ ደሴቷ ተሻገረች።

በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ጎረቤቷ ወይዘሮ ጉንቮር ፊታቸው ቀልቶ መጡ። በጢስ ያበሰሉትን ዓሣ በጀልባ ከተማ እየላኩ የሚሸጡ፣ በስዊድንኛ ተወልደው በስዊድንኛ ያረጁ ሴት ናቸው። መተግበሪያው ትናንት ጀልባዋ ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለች ብሏቸው፣ እሷ ለካ ስምንት ሰዓት ላይ ሄዳለች። ዓሣው ወደቡ ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ።

ማርኬታ ነገሩ ወዲያው ገባት። የበጋው የጀልባ መነሻ ሰዓት መተግበሪያው ውስጥ ሲገባ አንድ ሰው ተሳስቷል ማለት ነው። የስልክ መስመር ወዳለበት ወደብ ወርዳ ለሪስቶ ደጋግማ ደወለች፤ አያነሳም። ማሽኑ ቆሞባቸው ይሆን? ስንት ሰው ጀልባ እያመለጠው ነው? ተመልሳ ቦርሳዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ኢልማሪ ጃንጥላዋን አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

«ሂጂ፣ እኔማ ለምጄዋለሁ» አላት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

የዕለቱን ጀልባ ልትጠብቅ ወደቡ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ ወይዘሮ ጉንቮር ሌላ የዓሣ ሣጥን በጋሪ እየገፉ ደረሱ። ስልካቸውን አውጥተው ዓይናቸውን አጠበቡ። መተግበሪያው ታድሷል፤ ስምንት ሰዓት ይላል። ከሥሩ ደግሞ በስዊድንኛ የተጻፈ ነገር አለ፤ እየተረጎሙ አነበቡላት።

«‹የጀልባ ሰዓት ታሞ ነበር። አሁን ድኗል። ጀልባውን ይቅርታ እንጠይቃለን።› ምን ዓይነት ስዊድንኛ ነው ይሄ? ሰካራም ነው የጻፈው?»

ማርኬታ ሳቅ አፈናት። ከትምህርት ቤት ወዲህ ስዊድንኛ አፉ ያልገባ አንድ ሰው ታውቃለች፤ ሪስቶ ነው። ስህተቱ ታርሞ፣ ተፈርሞ፣ በመደብሩ አልፎ እዚህ ደርሷል፤ አንድም ሰው እሷን አልጠራም። ለአፍታ ያህል ቅር አላት፤ አለመፈለግ ለካ እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ግን ኩራቱ ከውስጧ እየሞቀ መጣና ቅሬታውን ዋጠው። በእጇ የሠራችው ነገር እሷ በሌለችበት በእግሩ ቆመ!

ስልኳ ያን ጊዜ ጠራ። ሪስቶ ጠዋቱን ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ነበር ያሳለፈው። ሰዓቱን ያበላሸው ራሱ እንደሆነ፣ ትናንት የመጀመሪያው ቅሬታ እንደደረሰው አርሞ ቁልፉን እንደተጫነ ነገራት። ማሽኑ ግን ስዊድንኛ የለም ብሎ መልሶበት፣ ሪስቶ መዝገበ ቃላት ሲፈልግ አመሸ።

«ግትርነቱ ቁርጥ አንቺን» አላት። «ግን እውነቴን ነው፣ ያለ ማሽኑ ዛሬም ባልደረስን ነበር። በይ ዋኚ አሁን።»

ጀልባዋ በሰዓቷ መጣች። ሠራተኛው የማርኬታን ቦርሳ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ፣ እሷ የወይዘሮ ጉንቮርን ሣጥን አንስታ አቀበለችው።

«አትሄጂም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ጉንቮር።

«አልሄድም» አለች ማርኬታ፤ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ይህን ያህል አንገቷን ቀና አድርጋ ተናግራ አታውቅም። «አላስፈለግኳቸውም።»