ሦስቱ የተተኩ ቤጎኒያዎች

ግሌኒስ የደረቀች ቅጠል ልታነሳ ግንዱን ያዝ ስታደርገው ከሥሩ ተላቆ እጇ ላይ ቀረ። አሸተተችው። የከረመ ጎመን ይሸታል። አፈሩን የሚነካው ጫፍ ጠቁሮ ላልቷል፤ ከላይ ግን ነጫጭ አበቦቹ ምንም እንዳልደረሰባቸው ሁሉ ፈክተዋል።

ይህ አራተኛው ነው።

ቶሎ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ባሏ ክሊፍ ሳሎን ነው፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማታል። የበሰበሰውን ተክል በጋዜጣ ጠቅልላ በጓሮ በር ወጣችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረችው። ባዶውን የሸክላ ማሰሮ ደግሞ ወስዳ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠች።

በመስታወት በተዘጋው የኋላ በረንዳ ላይ አሥራ ሁለት ማሰሮ ቤጎኒያ የተባለው አበባ ነበር፤ ሁሉም የክሊፍ። ክሊፍ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ሳለ የጣቢያው አበባ ተነቅሎ ሲጣል አንዱን ግንድ በምሳ ዕቃው ከትቶ መጣ፤ ከዚያ እየቆረጠና እየተከለ ሠላሳ ዓመት አራባው። ቅጠላቸው ክብ ክብ ነው፤ በሰም የተወለወለ ይመስል ያብለጨልጫል። ግሌኒስ በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ነክታቸው አታውቅም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው፤ አበባ ለእሷ ወለል ላይ ቅጠል የሚያራግፍ ነገር ነው።

ባለፈው መስከረም ክሊፍን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ደከመ፤ ቃላቱም ተደበላለቁበት። የሚነገረውን ሁሉ ይረዳል፤ ሐሳቡም ሙሉ ነው፤ ግን መነጽር ሊል ማንኪያ፣ በር ሊል ሐሙስ ይላል። የንግግር ሕክምና የምትሰጠው ሐኪም ግሌኒስን “ታገሺው፣ ራሱ ይጨርስ” ብላ ብትመክራትም ግሌኒስ መታገሥ አልቻለችበትም። ቃል ፍለጋ ሲጨነቅ ማየት ያንገበግባታል፤ ስለዚህ ትጨርስለታለች።

አበቦቹም የእሷ ሥራ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን ከሰጠችው በኋላ ለእያንዳንዱ ማሰሮ አንድ ኩባያ ውሃ ታጠጣለች። አንድም ቀን አልዘለለችም። ጥር ላይ የመጀመሪያው ሲሞት ልትነግረው ከበዳት። ሰውዬው የቀረበት ነገር መች አነሰና ይህን ትጨምርበታለች? ተመሳሳዩን ገዝታ እዚያው ማሰሮ ላይ ተከለች። የካቲት ላይ ሁለተኛውን፣ መጋቢት ላይ ሦስተኛውን ተካች። አሁን ሚያዝያ ነው፤ በዚያ አገር ክረምቱ የሚጀምርበት ወር በመሆኑ የከተማቸው የባላራት ብርድ ገብቷል።

ካፖርቷን ደርባ ሳሎን ብቅ አለችበት። “ዳቦ ገዝቼ ልምጣ።”

ክሊፍ ቀና ብሎ አያት። “የ… የ…”

“አዎ፣ ነጩን” አለችና ወጣች።

ችግኝ መሸጫው ውስጥ የምታስተናግደው ብሮንዊን የምትባል፣ ጥፍሮቿ ሥር አፈር የማይጠፋ ሴት ናት። ግሌኒስን ገና ከበሩ ስታያት አወቀቻት።

“ነጭ ቤጎኒያ ፈልጌ ነበር፣ ቅጠሉ አረንጓዴ የሆነውን” አለች ግሌኒስ።

“አልቋል እናቴ። በዚህ ብርድ ማን ይገዛዋል ብለን አላመጣንም። ያለው ሮዙ ነው፣ ቅጠሉ ቀላ የሚለው።”

“ነጩ ነው የሚሆነኝ።”

“ባለፈው ወርም ነጭ ወስደዋል። ከዚያ በፊትም እንደዚሁ። ምን እያደረጓቸው ነው፣ ሰላጣ ውስጥ እየጨመሯቸው ነው?”

ግሌኒስ ሳታስበው ሳቀች። “ይሞቱብኛል።”

“ውሃ በስንት ቀን ያጠጧቸዋል?”

“በየቀኑ። አንድ ቀን እንኳ ረስቼ አላውቅም።”

“በሉ እሱ ነው የገደላቸው” አለች ብሮንዊን። “ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ላዩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው የሚያጠጡት። ከሥር ሳህን ካላቸው የተጠራቀመውን ውሃ ይድፉ፤ ረግረግ ውስጥ ከቆሙ ይበሰብሳሉ። ደግሞስ ለምን ይገዛሉ? ከደኅናው ላይ ቆርጦ መትከል ነው እንጂ።”

“እኔ አልችልበትም። የሚችልበት ባለቤቴ ነው።”

“ታዲያ እሱን አይጠይቁትም?”

ግሌኒስ ቦርሳዋን ከፈተች። ሮዙን ገዛች። አበባውን ቀንጥሳ ከኋላ ብታስቀምጠው ክሊፍ ላያስተውለው ይችላል ብላ አሰበች። ወደ ቤት እየነዳች ግን የቅጠሉ ቀለምስ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ለእሱ መላ አላገኘችለትም። ዳቦውንም ረስታ ነበር።

ስትገባ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነው። የክሊፍ ወንበር ባዶ ነው።

“ክሊፍ?”

መኝታ ቤት የለም። መታጠቢያ ቤትም የለም። ወደ በረንዳው ስትሮጥ ባለ ጎማ መደገፊያውን ተደግፎ ቆሞ አገኘችው። ወለሉ ላይ አፈር ፈስሷል። በግራ እጁ ብቻ እየገፋ ማሰሮዎቹን አዛውሯቸዋል፤ ስምንቱ በመስኮቱ በኩል ተደርድረዋል፣ ሦስቱ ብቻቸውን በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ግሌኒስ ሦስቱን አየቻቸው። እሷ የገዛቻቸው ናቸው። አንዱንም አልሳተም።

“ብትወድቅስ? ብቻህን ማን ተነሣ አለህ?” አለችው። ሮዙን ቤጎኒያ አሁንም እንደያዘች ናት።

ክሊፍ እጇ ላይ ያለውን አየ። ከዚያ በመደገፊያው ጎማ ሦስቱን ማሰሮዎች ነካ ነካ አደረጋቸው። “ሱቅ” አለ። ቃሉ ትክክል ነበር።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?”

“ከ… ከ…”

“ከየካቲት?”

አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

“ከመጋቢት? ትናንት ነው?”

ክሊፍ ግራ እጁን ዘርግቶ አስቆማት፤ እሷ ራሷ መንገድ የሚያቋርጡ ተማሪዎችን ታስቆም እንደነበረው። አፏን ዘጋች። የክሊፍ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ቆይታው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው አይቀርም።

“ከመጀመሪያው” አለ።

“ታዲያ ምነው ዝም አልኸኝ?”

ጥያቄው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ማንን ምን እንደጠየቀች የገባት። ክሊፍ አፍጥጦ አያትና በአንድ በኩል ብቻ በሚታዘዘው አፉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን በካፖርቷ እጅጌ መጥረግ ጀመረች።

“እንዳታዝን ብዬ ነው” አለችው።

“ወተት” አለ ክሊፍ። “ወተት በዛ።”

“አዎ፣ አብዝቼዋለሁ። ሴትዮዋም አሁን ነገረችኝ።”

ወንበር አምጥታ አስቀመጠችው። እሱ በአገጩ መሳቢያውን አመለከታት፤ መቀሱን አወጣች። በብርጭቆ ውሃ ቀድታ መጣችና ከስምንቱ አንዱን ልትቆርጥ ስትል ክሊፍ መቀሱን ከእጇ ወሰደባት።

የመጀመሪያውን ግንድ ጨፈለቀው። ሁለተኛውን ሲቆርጥ መቀሱ ወደቀ፤ አንሥታ ሰጠችው። ግሌኒስ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከትታ ተቀመጠች፤ ካልሆነ መቀሱን መልሳ ልትነጥቀው ነው። ሦስተኛው ላይ አበባ የሌለበትን ቅርንጫፍ መረጠ፣ ከአንጓው ዝቅ ብሎ በአንዴ ቆረጠውና ወደ እሷ ዘረጋው።

“ያዢ።”

ያዘችለት። እሱ የታችኞቹን ቅጠሎች በግራ ጣቶቹ አንድ በአንድ ቀነጠሰ። ግንዱን ሥር እንዲያወጣ ብርጭቆው ውስጥ አቆሙት። ስድስት ቆረጡ። እሷ ብቻዋን ብትሆን አሥር ደቂቃ የማይፈጀው ሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር።

“ይሄኛውስ?” ሮዙን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

“አስቀያሚ” አለ ክሊፍ፣ ጥርት አድርጎ።

“አርባ አራት ዓመት አንተን የቻልኩ ነኝ። አንተም ይህችን ቻላት።”

በግራ እጁ መስኮቱ ላይ ቦታ ለቀቀላት።

ወለሉን እየጠረገች ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሴት ልጃቸው ትሬሲ ናት፤ እሑድ እሑድ ከምትኖርበት ከሩቋ ፐርዝ ከተማ ትደውላለች። ግሌኒስ ሁልጊዜ ስልኩን ይዛ ወጥ ቤት ትገባና የሳምንቱን ትነግራታለች፤ በልቷል፣ ተኝቷል፣ ሰላም ብሎሻል። ትሬሲ የአባቷን ድምፅ ከሰማች ወራት አልፈዋል።

“አባዬ እንዴት ነው?” አለች ትሬሲ።

ግሌኒስ “ደህና ነው” ልትል አፏን ከፈተች። ክሊፍ ጣቶቹ መካከል የገባውን አፈር በሱሪው እየጠረገ ያያታል።

“ራሱን ጠይቂው” አለች።

“ምን? ያወራል እንዴ?”

“ቶሎ አይመልስልሽም። አትቸኩዪ፤ ቃልም አታቀብዪው። የማይሆን ነገር ካለሽም ዝም ብለሽ ስሚው።”

ስልኩን ግራ እጁ ላይ አኖረችው። ክሊፍ ጆሮው ላይ አደረገው። “ዛሬ… ዛሬ…” ብሎ ጀመረና ዓይኑን ወደ እሷ አነሣ።

ግሌኒስ የልብስ ቅርጫቱን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።