የተመሰገነው ጢስ

ያዋረደኝ የገዛ ምላሴ ነው፤ ሌላ ማንንም አልወቅስም።

ከአገር ወጥተን በምንኖርበት በብሬብሩክ ሰፈር፣ ጋራዣችን ውስጥ ቸኮሌት እሠራለሁ። ቸኮሌት የሚሆነውን ፍሬ፣ ካካዎውን፣ ከነጋዴ አልገዛም። ቡገንቪል በምትባል የሩቅ ባሕር ደሴት፣ መሬት ከእናት ወደ ሴት ልጅ በሚተላለፍበት መንደር፣ ከገበሬዎቹ በቀጥታ ነው የሚመጣልኝ። ተወካያቸው ጆይስ ገና ስንተዋወቅ፣ «ነጋዴ ሁሉ ያሸተውና ‹ይሸታል› ብሎ ይጥልብናል» አለችኝ።

«እኔ እንደዚያ ካደረግሁ ከሰው አትቁጠሪኝ!» አልኳት።

የመጀመሪያው ናሙና ጢስ ጢስ ይል ነበር። እኔ ደግሞ እናቴ የወተት ዕቃ በወይራ ስታጥን እያሸተትኩ ያደግሁ ነኝ፤ ደስ አለኝ። «ጢሱ ግሩም ነው!» ብዬ ጻፍኩላት። አፌን በቆረጠው! ከናሙናው የሠራሁትን ቸኮሌት ስልክላቸው፣ እነሱም «ግሩም ነው!» አሉኝ።

ዘንድሮ አሥር ጆንያ መጣ፤ አሥሩም ጢስ። ዋናው ደንበኛዬ ካርልተን ሰፈር ያለ ካፌ ነው። የካፌው ባለቤት ከእሱ የሠራሁትን ቸኮሌት አንዴ ገመጠና፣ «ቤከን ይሸታል፤ እንዲህ ከሆነ አልወስድም» ብሎ ጢስ ካጠገቡት የአሳማ ሥጋ ጋር አመሳሰለብኝ።

ባለቤቴ አምሳሉ በሳቅ ፈረሰ። «ጾመኛዋ ሚስቴ ሥጋ ሥጋ የሚል ቸኮሌት ሠራች!»

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» አልኩት። ማልቀስ ነበር የቀረኝ። «ይሸታል» ካልኳት ከነጋዴዎቹ በምን ተሻልኩ? ዝም ካልኩ ደግሞ የሚቀጥለውም ጢስ ነው፤ እኔም ሥራዬን እዘጋለሁ፣ እነሱም ገዢ ያጣሉ። ሦስት ቀን ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩ።

በአራተኛው ቀን ደወልኩ። «ጆይስ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሥሩንም ተቀብያለሁ፤ አንድም ጆንያ አይመለስም። ግን ጢሱን ያመሰገንኩት እኔ ስለለመድኩት ነው። እዚህ ሰው አይወደውም።»

ከዚያ ለጎረቤቶቿ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ስትነግራቸው ሰማሁ፤ ወዲያው ሳቅና ጩኸት ሆነ።

«ናሙናውን በእሳት ያደረቅነው ዝናብ ሆኖብን ነው» አለችኝ። «ዘንድሮ ፀሐይ ሞልቶ፣ አንቺ ወደድሽው ብለን ስንት እንጨት ተሸከምን! በጢሱ ዓይናችን ጠፋ እኮ! እንዳንነግርሽ ትቀየሚናለሽ ብለን ፈራን።»

እፎይ! አሁንማ እያለቀስኩ ነበር የምስቀው።

«እሺ» አልኳት እንባዬን እየጠረግሁ፣ «ሌላ ፈርታችሁ ያልነገራችሁኝ ነገር አለ?»

«አለ» አለች ጆይስ። «ቸኮሌትሽ ይመርራል። ልጆቹ ተፉት።»